በብርድ ሌሊት መኪና ለሚጠግን ሰው የሚስማማው ማሞቂያ የትኛው ነው?

ከሚሴ ሞቃት ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በቦርከና ወንዝ አጠገብ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ነዋሪዋ የሚያማርረው ሙቀቱን እንጂ ብርዱን አይደለም። ስለዚህ የዚህን ጽሑፍ ርእስ ያየ አንባቢ «የከሚሴ ሰው ማሞቂያ ምን ያደርግለታል?» ብሎ ቢጠይቅ አንፈርድበትም።

ነገር ግን ከሚሴ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴና ወደ መቀሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና መካከልዋን ሰንጥቆ ያልፋል። የከተማችንና የዞናችን ወጣት ሾፌር ወይም ረዳት ሆኖ እህልና ከብት ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዝ፣ ሰንበቴንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ የደብረ ሲናን ዳገት ይያያዛል። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የተቦረቦረው የጣርማ በር ዋሻ የሚገኘው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የደብረ ብርሃን ሜዳም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደውም ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ብርዱ ይቀበለዋል። እንግዲህ የእኛ ሰው በጥቂት ሰዓቶች ጉዞ ከሙቀት ወጥቶ ውርጭ ውስጥ ይገባል፤ በላዩ ያለው ልብስ ግን የቆላ ልብስ ነው።

መኪናው በደኅና እስከ ሄደ ድረስ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። ጭንቀቱ የሚጀምረው መኪናው በሌሊት በዳገቱ ላይ ሲቆም ነው። ጎማ ይፈነዳል፤ ባሌስትራ ይሰበራል፤ ባትሪ ይደክማል። ሾፌሩ ባትሪ መብራት ይይዛል፤ ረዳቱም ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ይተኛል። የብረቱ ቅዝቃዜ ጣቶቹን ያደነዝዛቸዋል፤ ቁልፉ ከእጁ ያመልጣል። በዚህ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ በቆላው መንገድ ዳር የተገዛው ከሰል ከጭነቱ ላይ መኖሩን ያስታውሳል። ከሰሉ በአሮጌ ቸርኬ ወይም በቆርቆሮ ውስጥ ናፍጣ ተርከፍክፎበት ይቀጣጠላል። እስከዚህ ድረስ ያለው ድርጊት የቃጠሎ አደጋ ቢኖርበትም ነገሩ ከሜዳ ላይ ነው። ጥገናው ካለቀ ወይም ለነገ ከተላለፈ በኋላ ግን የሚደረገው ነገር ገዳይ ነው። ፍሙ ይጣላልን? አይጣልም። ከነቆርቆሮው ወደ ጋቢና ይገባል፤ መስኮቱም ይዘጋል።

እኛ በአንድ የጤና ተቋም በተረኛነት ባደርንበት ሌሊት፣ እንደዚህ ያሉ ሁለት ሰዎች በሌላ መኪና ተጭነው መጡልን። ሾፌሩ ከመስኮቱ በኩል ተኝቶ ስለ ነበረና የመስኮቱ ጠርዝ ንፋስ ያስገባ ስለ ነበር ራሱን ሳያውቅ ቢመጣም ዳነ። ረዳቱ ግን ፍሙን ከእግሩ ሥር አድርጎ በጋቢ ተሸፍኖ የተኛ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ፊቱ የታመመ ሰው ፊት አይመስልም፤ በጤና የተኛ ይመስል ነበር። ሕይወቱ ያለፈው ግን ወደ እኛ ከመድረሱ በፊት ነው። ያመጡት ሰዎች «ምች መትቶት ይሆናል» አሉን። እኛም እንደ ሐኪም ልንሠራለት የምንችለው ነገር አልነበረም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ ሌሊት ልናደርገው ያልቻልነውን በሌላ መንገድ ለማድረግ ብንችል ብለን ነው።

የገደለው ነገር ምንድን ነው? ከሰል በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። አየር ሲያንሰው ግን ቃጠሎው ጐደሎ ይሆንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይንን አያቃጥልም፤ ጉሮሮን አያስልም። በዚህም ምክንያት የሚጠባ ሰው መጠባቱን አያውቅም። ፈረንሳዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ክሎድ በርናር በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንዳስረዳው፣ ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይነጥቃል። ኦክሲጅንን የሚሸከመው የደማችን ክፍል ይህን ጋዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ከሺህ እጅ 1 እጅ ብቻ ቢገኝ እንኳ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሰውን ሊገድል ይችላል። አንጎልና ልብ ኦክሲጅን አጥተው ይራባሉ፤ ሰውየው ግን እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል።

በዳገቱ ላይ ነገሩ የከፋ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በጣርማ በር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህም ማለት እያንዳንዱ እስትንፋስ ይዞት የሚገባው ኦክሲጅን አስቀድሞም በሲሶ ያህል የጐደለ ነው። እሳቱም አየር ስለሚያንሰው ጐደሎ ቃጠሎ ይበዛበታል። እንግዲህ መርዙ በሚበዛበት ቦታ ላይ የሰውነት ስንቅ ያንሳል ማለት ነው። በከሚሴ ቤቱ በረንዳ ላይ ቡና የሚፈላበትን የከሰል ምድጃ አይቶ የማይፈራ ሰው፣ ያንኑ ምድጃ በጣርማ በር ላይ በጋቢና ውስጥ ቢያገባው ነገሩ አንድ ነው ብሎ እንዳይታለል ያስፈልጋል።

በሕዝባችን ዘንድ ስለዚህ ነገር ሦስት የተሳሳቱ አሳቦች ይሰማሉ።

የመጀመሪያው «ጢሱ ከወጣለት ከሰል አይጐዳም» የሚለው ነው። ሰውን የሚገድለው የሚታየው ጢስ አይደለም። ፍሙ ቀልቶ፣ ጢሱ ጠፍቶ፣ አመድ ለብሶ ሲታይ መርዙ ያለማቋረጥ ይወጣል። እንዲያውም ጢሱ ዓይንን እያቃጠለ ሰውን ከቤት ስለሚያስወጣ፣ ጢስ የሌለው ፍም ከጢሰኛው ይልቅ ተንኰለኛ ነው።

ሁለተኛው ሕመሙን ምች ነው ማለት ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ የአሳብ መምታታት የዚህ መርዝ ምልክቶች ናቸው። ባንድ ቦታ አብረው የተኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ ይህ ሕመም ከያዛቸው፣ ምች ሁሉንም ባንድ ላይ አይመታምና መርዙን መጠርጠር ይገባል። ዳማ ከሴ እያሹ በተዘጋው ክፍል ውስጥ መቈየት ሕመምተኛውን ለሞት መስጠት ነው።

ሦስተኛው «አረቄ ያሞቃል» የሚለው ነው። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን የሰውነትን ውስጣዊ ሙቀት ወደ ውጭ አፍስሶ ያባክነዋል። ከዚህም በላይ እጅን ያሰንፋል፤ አሳብን ያደበዝዛል። በክሪክ ከተነሣ መኪና ሥር የሚተኛ ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በሜዳ ላይ ለሚሠራ ሰው ማሞቂያ ሲመረጥ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ንፋስ ባለበት ሜዳ አየርን ማሞቅ የማይቻል መሆኑ ነው። የሞቀውን አየር ንፋስ ወዲያው ይወስደዋል። በሜዳ ላይ የሚጠቅመው እንደ ፀሐይ በጨረር ሰውነትን በቀጥታ የሚያሞቀው ዓይነት ብቻ ነው። ሙቅ አየር የሚነፋው ዓይነት ለሜዳ ገንዘብ ማባከን ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሞቂያ ጋዝ ስለማያወጣ ከሁሉ ይልቅ ንጹሕ ነው። በከተማ ጋራዥ በራፍ ላይ ለሚሠራ መካኒክ፣ ገመዱ ያልተላጠና ከእርጥበት የራቀ እስከ ሆነ ድረስ፣ ከዚህ የሚሻል የለም። በመንገድ ላይ ግን የመኪናው ባትሪ አይችለውም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ በሙሉ ጉልበቱ 1,200 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። 1,000 ዋት የሚፈጅ ማሞቂያ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም መኪናው አይነሣም። ጄኔሬተር ያለው ሰው ቢኖርም የጄኔሬተሩ ጭስ ያንኑ መርዝ ስለሚያወጣ፣ ከሰዎችና ከጋቢናው ርቆ ነፋሱ ወደ ሚሄድበት በኩል መቀመጥ አለበት።

በሲሊንደር ጋዝ የሚሠራው ባለ ጨረር ማሞቂያ ለሜዳ ሥራ ከሚሸከሙት ማሞቂያዎች ሁሉ የተሻለ ነው። ሲገዛ ሦስት ነገሮች ይታዩ፤ የፊቱ የሽቦ መከላከያ፣ ቢወድቅ ራሱን የሚያጠፋበት መሣሪያ፣ ነበልባሉ ሲጠፋ ጋዙን የሚዘጋበት መሣሪያ። ስለ ጋዙም ዓይነት መጠየቅ ይገባል። በባሕር ወለል ሲለካ ቡቴን የሚፈላው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ፕሮፔን ግን ከዜሮ በታች በ42 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በውርጭ ሌሊት ቡቴን ብቻ የያዘ ሲሊንደር ጉልበቱ ይደክማል፤ ነበልባሉ ያንሳል። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩን በእሳት ለማሞቅ የሚሞክር ሰው በራሱ ላይ ፈንጂ እያቀጣጠለ መሆኑን ይወቅ። ሁለቱም ጋዞች ከአየር ይከብዳሉ፤ ቢያፈስሱ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወርዳሉ። በዚህም ምክንያት የጋዝ ማሞቂያ ወደ ጋራዥ ጉድጓድ አጠገብ ፈጽሞ አይቅረብ።

በነጭ ጋዝ የሚሠራው ማሞቂያ ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ክሩ የተስተካከለና የጸዳ ከሆነ በሜዳ ላይ ያገለግላል። በበራ ጊዜ ግን ነዳጅ አይጨመርበትም፤ ቤንዚንም ከነጭ ጋዝ ጋር ተደባልቆ አይግባበት።

ማገዶ እንጨት ርካሽ ነው፤ በመንገድ ዳርም ይገኛል። ከመኪናው 10 እርምጃ ያህል ርቆ፣ ብልጭታው ወደ መኪናው እንዳይመጣ በነፋሱ መውጫ በኩል ቢነድ፣ ሠራተኞቹም እየተፈራረቁ እጃቸውን እያሞቁ ቢመለሱ ነውር የለውም። አሮጌ ጎማና ካላማዳሪ ግን አይነድም፤ ጢሱ ለሳንባ እጅግ ክፉ ነው። ከሰልም በሜዳ ላይ፣ ከሰው ፊት ዝቅ ብሎና ርቆ ሊነድ ይችላል፤ ነገር ግን ከሁሉ የመጨረሻው ምርጫ ነው። ምክንያቱም ከሰል እንደ እንጨት እሳት በሜዳው ላይ አይቀርም፤ ተሸክመው የሚያስገቡት እሳት ነው። የእኛም ፍርድ አጭር ነው፤ ፍም ወደ ጋቢና አይገባም። መስኮት ተከፍቶም ቢሆን አይገባም።

የትኛውም ማሞቂያ ቢመረጥ ሊጠበቁ የሚገባቸው ሥርዐቶች አሉ። ንፋስን ለመከላከል ሸራ ሲዘረጋ በአንድ ወገን ብቻ ይዘርጋ። የመኪናውን ዙሪያ በሸራ የጋረደ ሰው የመኪናውን ሥር ክፍል አድርጎታልና፣ ሜዳ ላይ ሆኖ ቤት ውስጥ እንዳለ ይታፈናል። ሞተሩ እየሠራ ከጭስ ማውጫው አጠገብ መተኛትም እንደዚሁ ነው። በሰልባትዮ፣ በነዳጅ ቱቦ ወይም በማጣሪያ ላይ ሥራ ሲኖር ማንኛውም ማሞቂያ ጠፍቶ ከስፍራው ይራቅ። የቤንዚን እንፋሎት በውርጭ ጊዜም እሳት ይይዛል፤ ከአየርም ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ሄዶ ርቆ ያለውን እሳት ያገኛል። ባትሪም በሚሞላበት ጊዜ ፈንጂ የሆነ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ ነበልባል አይቅረብበት። በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ አቀጣጥሎ የሞተርን ሥር ማሞቅ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። እጃቸውና ልብሳቸው በቤንዚን የራሰ ሰዎችም አስቀድመው ሳይታጠቡና ሳይለውጡ ወደ እሳት አይጠጉ።

እኛ በረዶ በሚወርድበት በባሕር ማዶ አገር ለትምህርት በነበርንበት ጊዜ በሜዳ ላይ መኪና የሚጠግኑ ሰዎችን አይተናል። የገረመን የማሞቂያቸው ብዛት አልነበረም፤ ማሞቂያውን የሚያስቡት በመጨረሻ መሆኑ ነው። አስቀድመው ከመሬት የሚለይ ወፍራም ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ በላዩ ላይ የሱፍ ልብስ ይደርባሉ፤ ጓንትና ቆብ ያደርጋሉ፤ ትኩስ ነገር ይጠጣሉ፤ በየጊዜው ተነሥተው ይንቀሳቀሳሉ። በእኛ አገር ለዚህ የሚጐድል ነገር የለም። ጋቢ አለን፤ የመንዝ ሱፍ በርኖስና ባና አለን፤ በፔርሙዝ የሚያዝ ሻይና ቡና አለን። የሚጐድለው ከከሚሴ ሲነሡ የጣርማ በርን ብርድ ማሰብ ብቻ ነው። መኪናው በቀስታ ሊንቀሳቀስ የሚችል ከሆነም፣ በዳገቱ ላይ ከመጠገን ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ መጠገን ማሞቂያ ከመግዛት ይረክሳል።

አደጋው ከደረሰ ምን ይደረግ? በሩን ከፍቶ ሕመምተኛውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት ይቅደም፤ አውጪውም ትንፋሹን ይዞ ፈጥኖ ይውጣ። ራሱን የሳተ ነገር ግን የሚተነፍስ ሰው በጐኑ ይጋደም፤ ወተትም ሆነ ውኃ በአፉ አይጨመርበት። ትንፋሹ ከቆመ የሚያውቅ ሰው ደረቱን በመጫንና በማስተንፈስ ይርዳው። ከዚያም ኦክሲጅን ወዳለበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በፍጥነት ይወሰድ። መርዙ በተራ አየር ከ4 እስከ 5 ሰዓት ውስጥ በእኩሌታ ሲቀንስ፣ በንጹሕ ኦክሲጅን ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ለሥራ ባልደረቦቻችንም አንድ ነገር እናሳስባለን፤ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ይህን መርዝ ከኦክሲጅን ለይቶ ስለማያውቅ ቍጥሩ ደኅና ቢመስልም አትታለሉ። የነቃ ሕመምተኛም «ተሽሎኛል» ብሎ ወዲያው መንገድ አይቀጥል፤ የመርሳትና የአሳብ ችግር ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊከተል ይችላል።

በእሳት ለተቃጠለም ሰው ቁስሉን በንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። ቅቤ፣ ሊጥና የጥርስ ሳሙና ቁስሉን ያበላሹታል።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነው፤ የቀን አበሉ እንኳ የማይበቃው ረዳት የጋዝ ማሞቂያ ከየት ያመጣል?» ይሉናል። አባባሉ እውነት አለው። መልሳችንም ይህ ዕዳ የረዳቱ አይደለም የሚል ነው። መኪናው የባለ መኪናው ነው፤ ጭነቱ የነጋዴው ነው። መለዋወጫ ጎማና ክሪክ ሳይኖር መኪና መንገድ እንደማይወጣ ሁሉ፣ ለአንድ ሾፌርና ለአንድ ረዳት ወፍራም ልብስ፣ ጓንትና ምንጣፍ ሳይጫን ከከሚሴ ወደ ደጋ መኪና መነሣት የለበትም። ከመኪና ጎማ የረዳቱ ነፍስ ትበልጣለችና። ባለ መኪኖች ይህን ከጠሉ የሚያስገድድ ደንብ እንዲወጣ የምንጠይቅ የመጀመሪያዎቹ እኛ እንሆናለን።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ በዚህ ነገር ከእኛ ከጤና ሠራተኞች ይልቅ የእናንተ ቃል ይሰማል። ነገ ረዳትና መካኒክ የሚሆነው ልጅ ዛሬ ከፊታችሁ ተቀምጧል። አንድ ሻማ አብርታችሁ በላዩ ብርጭቆ ድፉበት፤ ነበልባሉ እየደከመ ሲጠፋ ተማሪዎቹ በዓይናቸው ይዩ። ከዚያም «ብርጭቆው ጋቢናው ነው፤ አየሩን እሳቱ ብቻ ሳይሆን የተኛውም ሰው ይፈልገዋል፤ በከሰል ጊዜ ደግሞ አየሩ ከመጥፋቱ በፊት መርዙ ይመጣል» ብላችሁ አስረዷቸው። ትምህርቱ 5 ደቂቃ አይፈጅም። በዞናችን በብዙ ቤት የሚነገረው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለ ሆነ፣ ልጆቹ የተማሩትን ለአባቶቻቸውና ለታላላቅ ወንድሞቻቸው በቤታቸው ቋንቋ ደግመው እንዲናገሩ አድርጉ። እናንተም የከተማው ነዋሪዎች፣ ወንድማችሁ ወይም ልጃችሁ ወደ መንገድ ሲወጣ ስንቁን ብቻ ሳይሆን ጋቢውንም ጠይቁት።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ያ የ19 ዓመት ልጅ ብርዱን ለማሸነፍ የሚበቃው አንድ ተጨማሪ ጋቢና አንድ ሰው አስቀድሞ የነገረው አንድ ቃል ነበር። ጋቢውን መስጠት የባለ መኪናው ነው፤ ቃሉን መንገር ግን የሁላችንም ነው።